«ይዞታ»፦ የአንድ የሕግ ቃል አመጣጥና ትርጉም

የሕግ ቃል ትርጉሙ ሲዛባ የሚጐዳው አንባቢው ብቻ አይደለም፤ ባለጉዳዩም ጭምር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ «ይዞታ» የተባለውን ቃል ከሥሩ መርምረን፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ባለ የእርሻ ልማድ እንፈትነዋለን።

«ያዘ» ከግእዙ «አኀዘ» ጋር አንድ ሥር ነው። «ችሎታ» ከ«ቻለ» እንደ ወጣ፣ «ይዞታ»ም ከ«ያዘ» ወጥቷል፤ «መያዣ» እና «ተያዥ» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በተራ ንግግር «የጤና ይዞታ» ስንል ሁኔታን እንጂ መብትን አናመለክትም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተረቀቀ ስለ ነበር፣ ተርጓሚዎቹ «ፖሴሲዮን» ለተባለው ጽንሰ ሐሳብ አቻ ያስፈልጋቸው ነበር፤ «ይዞታ»ም ለዚህ ዋለ። በቁጥር 1140 መሠረት ይዞታ ሰው በአንድ ነገር ላይ በእውን ያለው አዛዥነት ነው፤ የባለቤትነት ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው።

ስለ መሬት ሲነገር ግን በደጋው ሥር የሰደደው ቃል «ርስት» ነበር። ይህም ከግእዙ «ወረሰ» የወጣ በመሆኑ ወደ አባትና ወደ አያት ያመለክታል። በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ርስት የሕግ መሠረቱን አጣ። በኋላ የፌዴራሉ ዐዋጅ ቁጥር 456/1997 «የይዞታ መብት» ያለው በመሬቱ መጠቀምን፣ ማከራየትንና ለቤተሰብ አባል ማውረስን የሚያጠቃልል ነበር። ስለዚህ እጅን ያመለክት የነበረው ቃል የውርስንም ሸክም ተሸከመ።

ከመካነ ሰላም ዙሪያ እስከ አማራ ሳይንትና ለጋምቦ ባለው ደጋ፣ በሬ የሌላት ባልቴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ብትሰጥ፣ እርፉን የሚጨብጠው እርሱ ነው፤ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የሠፈረው ስም ግን የእርሷ ነው። ክርክር ተነሥቶ «ባለይዞታው ማን ነው?» ቢባል፣ የፊተኛውን ትርጉም ብቻ የያዘ ተርጓሚ ወደ አራሹ፣ የኋለኛውን የያዘ ደግሞ ወደ ባልቴቲቱ ያዘነብላል።

ስለዚህ በእውን ላለው አዛዥነት «ይዞታ»፣ በመሬት ሕግ ለተሰጠው መብት ግን ሳይቈረጥ «የይዞታ መብት» ተብሎ እንዲጻፍ እናሳስባለን። «ባለይዞታ» ሲያጋጥምም ተርጓሚው የትኛው ሕግ እንደሚናገር አስቀድሞ ሊለይ ይገባዋል።