ድንጋይ ላይ የተጠረበ እንጨት

ሰቆጣ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ የላሊበላው ቤተ አማኑኤል ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ከሆነ፣ ግድግዳው ለምን እንጨት የገባበት ይመስላል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ልሞክር።

ነገሩ የሚጀምረው አክሱም ላይ ነው። የአክሱም ግንበኞች ድንጋዩን በአግድም እንጨት እያሰሩ ነበር የሚገነቡት። ግድግዳውን አቋርጠው ጫፋቸው ወደ ውጭ የሚወጣው እንጨቶች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። ትልልቆቹ ሐውልቶች ላይም በድንጋይ ተቀርጸው ታገኟቸዋላችሁ።

አክሱም ከተዳከመ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የዛግዌ ነገሥታት መጡ። አገው ናቸው፤ የእኛ ዋግሹሞችም ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከእነሱ ነው። ላስታ ዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ። እዚያ እንጨቱ ሥራ አለው፣ ግድግዳውን ያስራል። ቤተ አማኑኤል ላይ ግን «እንጨቱ» ራሱ ድንጋይ ነው፤ የሚያስረውም የሚሸከመውም ነገር የለም። ታዲያ ጠራቢዎቹ ለምን ደከሙ? እኔ እንደሚመስለኝ «የአክሱም ወራሾች እኛ ነን» ለማለት ነው። በኋላ የተጻፈው ታሪክ ዛግዌዎችን ዙፋን ነጣቂ አላቸው። ግድግዳቸው ግን ሌላ ይናገራል።

ፈረንጆች ጥንታዊውን መልሶ የማምጣት የራሳቸውን ዘመን ኒዮክላሲካል ይሉታል። ስኮትላንዳዊው አርክቴክት ሮበርት አዳም እ.ኤ.አ. በ1757 ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ወዳለችው ስፕሊት ሄዶ የዲዮቅልጥያኖስን ቤተ መንግሥት (አዎ፣ ያ የሰማዕታትን ደም ያፈሰሰው!) በአምስት ሳምንት ለካ፣ አስነደፈ፤ በ1764 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ከዚያ የቀሰመውን ለእንግሊዝና ለስኮትላንድ ቤቶች አዋለው። በ1792 ሲሞት ለንደን ዌስትሚኒስተር አቤይ ተቀበረ።

የእኛዎቹ ይህን የሠሩት ከእሱ 500 ዓመት ቀድመው ነው። የነገሥታቱን ስም እናውቃለን፤ መሮ የጨበጠውን ሰው ስም ግን ማንም አልጻፈልንም። አዳምን ያስታወሰው ሕንፃው ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱም ነው።

ሰቆጣ ያላችሁ ልጆቼ፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ደጃችሁ ላይ ነው። በሚቀጥለው ስትሄዱ ሰልፊ ብቻ አንስታችሁ አትመለሱ። ካህናቱን አስፈቅዳችሁ፣ ሜትርና ደብተር ይዛችሁ መስኮቱን ለኩ፣ በሩን ሳሉ፣ አባቶች የሚሉትን ጻፉ። የጠራቢዎቹ ስም ቢያመልጠን እንኳ ሥራቸው አያምልጠን።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፣ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ።