ለእንጦጦ ምትክ ተገኘለት፤ ለጣናስ?

ከየካ ሽቅብ ወጥቶ እንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው በዙሪያው የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙን ያገኘው ባሕር ተሻግሮ በመምጣቱ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ጥድና ወይራ፣ ዐፄ ምኒልክ እዚህ ከከተሙ ወዲህ ለቤትና ለማገዶ ተጨፍጭፎ አለቀ። በማገዶ እጦት የተነሣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን ባለችበት ያስቀራት ይኸው መጤ ዛፍ ነው።

ይህን ማንሣቴ ስለ ዓሣ ላወራ ፈልጌ ነው። የተራቆተ ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ የተራቆተ ሐይቅ ግን ላዩ ያው ውሃ ነው። በጾም ሰሞን እኛ የካዎች የምንሻማበት ዓሣ ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከጣና ይመጣል። የጣናው ታሪክ ከእንጦጦው ጋር ይመሳሰላል፤ መጨረሻው ግን ይለያል።

በጣና ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። የደንገል ታንኳቸው ከዳርቻው ብዙ አይርቅም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከኔዘርላንድ በመጣ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሐይቁ ላይ ወረደ። አሳቡ ደግ ነበር። የተጎዳው ነጭ ዓሣ ነው። እኛ በአንድ ስም እንጥራው እንጂ፣ ተመራማሪዎች እንደሚሉት 15 ያህል ዝርያዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁም ይህን ያውቃል፤ የወንዙን አፍ በመረብ ዘግቶ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያፍሳል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትንም አለ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት በመረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ያህል ቀነሰ።

ለነገሩ እኔ ጥፋቱን ሁሉ አጥማጁ ላይ አልጭንም። ዓሣው ወደ ወንዝ የሚወጣበት ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ወር ነው፤ ገበያው የእኛው ነው።

ሕጉስ? ኢትዮጵያ የዓለሙን የባሕር ሕግ ስምምነት በ1975 ዓ.ም. ስትፈርም የቀይ ባሕር ባለቤት ነበረች። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የምትጠብቀው ውሃ ሐይቅና ወንዝ ብቻ ሆነ። ይሁንና ለእነዚህ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ጀልባው ጣና ከገባ 17 ዓመት ያህል አልፎት ነበር። አዋጁ መርዝና ፈንጂ ከለከለ፤ ክልሉም የራሱን ሕግ አወጣ።

የእንጦጦ ጥድ ሲያልቅ ከባሕር ማዶ ምትክ መጣ። ለጣና ነጭ ዓሣ ግን ምትክ የሚመጣበት ማዶ የለም። በሌላ በኩል፣ ከአዋጁ በኋላ በሱዳን በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባው የነጠላ ክር መረብ ሐይቁን ወረሰው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይታይም፤ ጫጩቱንም አይምርም። ሲቀደድ እዚያው ተጥሎ ይቀራል፤ ባለቤቱ በሌለበትም ዓሣ መያዙን አያቆምም።