ያገረሸ ሊምፎማ በጅማ፦ የትኛው ጥምረት ይፈተን?

ጠበኛ ሊምፎማ ከመጀመሪያው ኬሞቴራፒ በኋላ ሲያገረሽ የሚሰጡት ጥምር መድኃኒቶች በሀብታም አገሮች የተፈተኑት በአብዛኛው ለንቅለ ተከላ ማዘጋጃ ሆነው ነው። ውጤታቸውን ንቅለ ተከላ ለማይገኝበት ለጅማ የሚያነብ ሐኪም ይህን ሊዘነጋ አይገባም።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የፓርማ ጥናት ነው። በዲኤችኤፒ ጥምረት ዕጢያቸው የቀነሰ 109 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ ከፍተኛ ኬሞቴራፒና የራሳቸውን መቅኔ ንቅለ ተከላ አገኙ፣ የቀሩት በዚያው ጥምረት ቀጠሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ከመጀመሪያዎቹ 46፣ ከሁለተኞቹ 12 በመቶ ነበሩ። ዘመኑ ሪቱክሲማብ የተባለው የሊምፎማ መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት ቢሆንም፣ ንቅለ ተከላ ለማያገኝ ታካሚ የሚቀርበው ያ አነስተኛው ቁጥር መሆኑ ያሳዝናል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው፣ በካናዳ ተመራማሪዎች የተመራው ኤልዋይ 12 የተባለው ጥናት ደግሞ 619 ሕሙማንን አካቶ ጂዲፒ የተባለውን ጥምረት ከዲኤችኤፒ ጋር አወዳደረ። ምላሽ የሰጡት 45 እና 44 በመቶ ሲሆኑ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን በሕይወት የነበሩት 39 በመቶ ናቸው። ጂዲፒ የወሰዱት ግን ሆስፒታል የተኙት ያነሰ፣ ኑሯቸውም የተሻለ ነበር። ይህ ልዩነት ከካናዳ ይልቅ ለጅማ ይበልጥ ይመዝናል። ዲኤችኤፒ ብዙ ጊዜ አልጋ ይዞ የሚሰጥ ነው፤ አስታማሚም ይፈልጋል። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ለመጣ ቤተሰብ በጥቅምትና በኅዳር ሆስፒታል መክረም የቡና ለቀማን፣ ማለትም የዓመቱን ገቢ፣ ማጣት ሊሆን ይችላል። በጂዲፒ ጄምሲታቢን በ1ኛውና በ8ኛው ቀን፣ ሲስፕላቲን በ1ኛው ቀን ይሰጣል፤ ዴክሳሜታሶኑ በቤት የሚዋጥ ክኒን ነው። ኩላሊትንና የደም ሴልን መከታተል ግን አይቀርም። የ8ኛው ቀን ጉዞም ለጌራ ወይም ለቦንጋ ሰው ቀላል አይደለም፤ ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ትኩሳት ከያዘው ደግሞ መንገዱ ራሱ አደጋ ነው።

ስለዚህ ጂዲፒን ያለ ንቅለ ተከላ የሚፈትን ሙከራ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቢጀመር ተገቢ ነው እላለሁ። የ39 በመቶው ውጤት ግማሽ ያህሉ ለንቅለ ተከላ ከደረሱበት ጥናት የተገኘ ስለሆነ እንዳለ ተገልብጦ አይወሰድም። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመችው ሙከራ 37 ሕሙማንን ብቻ ይዛ ሪቱክሲማብን ሊሎንግዌ ላይ መስጠት እንደሚቻል አሳይታለች፤ ትንሽ ጥናት ጠቃሚ መልስ ይሰጣል።

ወደ ሙከራው ከመግባት በፊት ማገርሸቱ በናሙና መረጋገጥ አለበት፤ የንፍፊት ቲቢ በብዛት ባለበት አገር ያበጠ ንፍፊት ሁሉ ሊምፎማ አይደለምና። መለኪያውም የዕጢው መቀነስ ብቻ ሳይሆን ታካሚው በቤቱ ያሳለፋቸው ቀናት፣ ያቋረጠበት ምክንያትና ለትራንስፖርት ያወጣው ወጪ መሆን ይገባዋል። የፈቃድ ቅጹ በአፋን ኦሮሞና በካፊኛ ጭምር ይዘጋጅ፤ የ8ኛው ቀን መድኃኒትና የደም ምርመራም በአቅራቢያ ሆስፒታል እንዲሰጥ በፕሮቶኮሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።