ሁለት ቀነ ገደቦች፦ የቤት ብድርና የግንባታ ውል በአዲስ አበባ የቅርብ ዘመን ታሪክ



የታሪክ ሰው ንግግሩን ከሰነድ መጀመር ይወዳል። እኔም ዛሬ የምጀምረው ከአንድ ሰነድ ነው፤ የተገኘው ግን ከቤተ መዛግብት ሳይሆን ከራሴ መሳቢያ ነው። የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ የያዘ ደብዳቤ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአዲስ አበባ ገና መሠረቱ ይቆፈር በነበረ ሕንፃ ላይ አንድ መኖሪያ ቤት ለመግዛት ተዋዋልሁ። ውሉ ክፍያውን በግንባታው ደረጃ ከፋፍሎታል፤ የተወሰነው በፊርማ ዕለት፣ የተወሰነው መዋቅሩ ሲቆም፣ የቀረው የማጠናቀቂያ ሥራ ሲጀመር የሚከፈል ነበር። የመጨረሻውን ክፍያ በባንክ ብድር ልሸፍን አስቤ ነበርና ባንኩም ደመወዜን መርምሮ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ደብዳቤው የሚጸናው ግን ለሦስት ወራት ብቻ ነበር። የክፍያው ቀን ሲደርስ ባንኩ «በስምህ የወጣ ካርታ አምጣ» አለኝ። አልሚው ደግሞ «ካርታ በስምህ የሚወጣው ክፍያህን ስታጠናቅቅ ነው» አለኝ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስመላለስ የባንኩ ደብዳቤ ጊዜው አለፈ፤ ወዲያውም ይህ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

በዚያን ጊዜ ነገሩን የራሴ ዕድለ ቢስነት አድርጌ ነበር የወሰድሁት። ቆይቼ ግን ሁለቱም ወገኖች ከራሳቸው ሕግና ልማድ አንጻር ትክክል መሆናቸው ታየኝ። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል፤ የአበዳሪው ሰዓትና የገንቢው ሰዓት ለምን ተለያየ? ልዩነቱንስ የሚሸከመው ማን ነው?

የዋስትና ታሪካችን ረጅም ነው። በቀድሞው ዘመን ወለድ አግድ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ባለዕዳው መሬቱን ለአበዳሪው ይለቃል፣ አበዳሪውም በወለድ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ ይበላል። እዚህ ላይ ልናስተውል የሚገባን መያዣው አስቀድሞ ያለ፣ የሚታይና የሚታረስ ነገር መሆኑን ነው። ያልነበረ መሬት በወለድ አግድ አይያዝም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ነባር አስተሳሰብ በዘመናዊ መልክ አጸናው። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚመሠረት መያዣ ውጤት የሚኖረው ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ መዝገብ ላይ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው። ይኸው ሕግ በሌላ ክፍሉ፣ ገና ያልተሠራ ቤትን ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረግን ውል እንደ ተራ ሽያጭ አያየውም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል ደንቦች እንዲገዙት ያደርጋል። ስለዚህ አበዳሪው የሚመለከተው የተመዘገበውን ንብረት ነው፤ ገንቢው የሚመለከተው በመካሄድ ላይ ያለውን ሥራ ነው። ገና ያልተሠራ ቤት የሚገዛ ሰው የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በዚህ ላይ ቀብድ አለ። ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካልፈጸመ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለ ወገን ካልፈጸመ አጠፌታውን ይመልሳል። እንግዲህ ባንክ የዘገየበት ገዢ በሰው መዘግየት የራሱን ቀብድ ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የአዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ መያዝ አልቻለም፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቦታው ራሱ መሸጡና መለወጡ ስለቀረ በዋስትና ሊያዝ የሚችለው በላዩ ያረፈው ቤት ሆነ። የቤት ብድር በቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተጠቃለለ። በዚያ ዘመን ችግሩ ብዙ ነበር፤ ሲሚንቶና ብረት ማግኘት ራሱ ፈተና ነበር። የእኔ ዓይነቱ ችግር ግን እምብዛም አልነበረም። የሚበደረው ሰው በግል ወይም በማኅበር ራሱ አሠሪ ስለነበር፣ የሽያጭ ውል ይዞ በቀጠሮ የሚያስጨንቀው አልሚ አልነበረም። ባንኩ በ1980ዎቹ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ፤ ቀጥሎም የተቀናጀው የቤቶች ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተመዘገቡ። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚሉት ስሞች ራሳቸው ስለ ጊዜ የሚናገሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው አስቀድሞ የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው ድርሻ ነው። መሬት ሰጪው፣ አሠሪውና ሻጩ መንግሥት፣ አበዳሪውም የመንግሥት ባንክ ስለነበር ሁለቱ ሰዓቶች በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ዕጣ የወጣለት ሰው ባንክ ፍለጋ አይዞርም፤ ብድሩ አስቀድሞ የታሰበለት ነው።

ሆኖም መጠበቁ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ከውሉ ወደ ወረፋው ተሸጋገረ። በ1997 የተመዘገበ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀበት ጊዜ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የግንባታ ዋጋ ሲንር፣ በምዝገባ ወቅት የተገመተው ዋጋና በርክክብ ጊዜ የተጠየቀው ዋጋ ተራራቁ፤ ለዓመታት የቆጠበ ሰው ዕጣ በወጣለት ማግሥት የጎደለውን ለመሙላት ዘመድ ጠያቂ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የወጣው ዕጣ በማጭበርበር ምክንያት ሲሰረዝ ደግሞ የጥበቃው ሥርዓት በእምነት ላይ የቆመ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

አራተኛው ምዕራፍ ዛሬ የምንኖርበት የሪል ስቴት ዘመን ነው። አልሚው ለግንባታው የሚሆነውን ገንዘብ በአብዛኛው የሚያገኘው ከገዢዎች ቅድመ ክፍያ ነው። ስለዚህ የውሉ ቀነ ገደብ ለእርሱ የብረትና የሊፍት መግዣ ነው፤ አንዱ ገዢ ሲዘገይ ሥራው ይጓተታል። ባንኩም የራሱ ምክንያት አለው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ዕዳው ካልተከፈለ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ይህ ሥልጣን የሚሠራው ግን በአግባቡ የተመዘገበ መያዣ ሲኖር ነው። «ካርታ አምጣ» የሚለው ጥያቄ ምንጩ ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ሌላ ትምህርት አገኘን፤ የተፈቀደ ብድርና የሚለቀቅ ብድር አንድ አይደሉም። በውጭ አገር ለሚኖረው ወገናችን ደግሞ ሦስተኛ ሰዓት ይጨመርበታል፤ ውክልናው በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ ውልና ማስረጃ እስኪደርስ ቀኑ ይቆጠራል።

ወደ ደብዳቤዬ ልመለስ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የዘገየው አስቀድሞ ስላልታሰበበት ነው። አልሚው፣ ባንኩና እኔ የሦስትዮሽ ስምምነት ፈረምን፤ አልሚው ካርታውን በቀጥታ ለባንኩ ለማስረከብ ግዴታ ገባ፣ ባንኩም ገንዘቡን በቀጥታ ለአልሚው ለቀቀ። ብድሩ እንደገና እስኪፈቀድ ያለውን ክፍተት የሞላው ግን ባለቤቴ ለሌላ ጉዳይ ያሰበችው የዕቁብ ገንዘብ ነበር። በባንክ መዝገብም ሆነ በአልሚው ሒሳብ ውስጥ ያ ዕቁብ አይታይም። የታሪክ ጸሐፊ ሁለቱን መዝገቦች ብቻ ቢያነብ ሁሉም በጊዜው የተፈጸመ ይመስለዋል።

የመከራከሪያዬ ማጠቃለያ ይህ ነው። የአበዳሪና የገንቢ ጊዜ በየዘመኑ ተለያይቶ ኖሯል፤ የተለወጠው ልዩነቱን የሚሸከመው ወገን ነው። በደርግ ዘመን አሠሪው ባለቤት፣ በኮንዶሚኒየም ዘመን ወረፋ ጠባቂው፣ ዛሬ ደግሞ የሁለት ውል ባለዕዳ የሆነው ገዢ ተሸክሞታል። ሕጋችን ውልን በቅድመ ሁኔታ ላይ መመሥረትን ይፈቅዳል፤ «ብድሩ ካልተለቀቀ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በውል ውስጥ መጻፍ ይቻላል። ያ ዐረፍተ ነገር በምን ያህል ውሎች ውስጥ ይገኛል? ማን አስጻፈው? ማንስ ተከለከለ? ይህ የሕግ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ተመራማሪም ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው በየቤታችሁ ያሉትን የብድር ደብዳቤዎች፣ የክፍያ ደረሰኞችና የዕቁብ ደብተሮች እንዳትጥሏቸው ነው። ለከተማችን ታሪክ ከአዋጁ እኩል ምስክሮች ናቸው።