የቤት ፊልምን ወደ ዲጂታል ማዛወር

የቤት ፊልምን ወደ ዲጂታል ማዛወር በትንንሽ የእጅ ካሜራዎች የተነሱ የቆዩ ፊልሞችን ምስል በምስል እየቀረጹ በኮምፒውተርና በስልክ ወደሚታይ ፋይል የመለወጥ ሥራ ነው። በተለይ ከ1920ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በቤተሰቦች፣ በመምህራን፣ በሚስዮናውያንና በተጓዦች የተነሱ ፊልሞችን ይመለከታል። እንደ ሆሳዕና፣ ዱራሜና ሾኔ ላሉ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ጉዳዩ ልዩ ክብደት አለው፤ የዚያ ዘመን ተንቀሳቃሽ ምስላቸው በአመዛኙ የሚፈለገው በፊልም ድርጅቶች መዝገብ ሳይሆን በግለሰቦች ሣጥን ውስጥ ነውና። በዚህ መጣጥፍ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፊልም ዓይነቶች

የቤት ፊልሞች የሚለዩት በስፋታቸው ነው።

• 9.5 ሚሊ ሜትር፦ የፈረንሳዩ ፓቴ በ1922 ያወጣው ሲሆን ቀዳዳዎቹ በምስሎቹ መካከል፣ በፊልሙ ወገብ ላይ ናቸው።
• 16 ሚሊ ሜትር፦ ኮዳክ በ1923 አወጣው። ከቤት አልፎ ለትምህርት፣ ለዜናና ለሚስዮን ሥራ አገልግሏል።
• 8 ሚሊ ሜትር፦ በ1932 ወጣ። 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፊልም ሁለት ጊዜ በካሜራው ውስጥ ካለፈና ከታጠበ በኋላ ለሁለት ይሰነጠቃል።
• ሱፐር 8፦ በ1965 ወጣ። ቀዳዳዎቹ በማነሳቸው ምስሉ ሰፋ ብሏል። ድምፅ የሚቀዳው ዓይነት በ1973 ተጨመረ።

15 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የሱፐር 8 ጥቅል 3,600 ያህል ምስሎች አሉት። በሴኮንድ 18 ምስል ሲታይ የሚቆየው 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ብቻ ነው። ፊልም ውድ ስለነበር አንሺው የሚመርጠው በዓልን፣ ሠርግን፣ ገበያን ወይም አዲስ ሕንፃን ነበር።

በሀዲያና በከምባታ

ሆሳዕና የቀድሞው የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 230 ኪ.ሜ. ገደማ ትርቃለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አካባቢው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል።

የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920ዎቹ መጨረሻ ሆሳዕና ደረሱ፤ የካፑቺን ካቶሊክ ሚስዮናውያንም በዚያው ዘመን ወደ ከምባታ ገቡ። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በኢትዮጵያ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። የግል የፊልም ካሜራ ሊገኝ የሚችለው በአብዛኛው እንዲህ ባሉ የውጭ አገር ሰዎችና በጥቂት ባለጸጋ ኢትዮጵያውያን እጅ ነበር። እንደ ኮዳክሮም ያለው ባለቀለም ፊልም የሚታጠበው በጥቂት ላቦራቶሪዎች ብቻ ስለነበር ካነሳው ሰው ጋር ወይም በፖስታ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። በዚህም ምክንያት ከደቡብ ኢትዮጵያ የተነሳ ፊልም ዛሬ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ፣ ምስሉ ላይ ያለውን ቦታ በማያውቁ ወራሾች ቤት ነው። የታየው ሰው ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ ስለ ፊልሙ መኖር እንኳ አልሰሙ ይሆናል። ዲጂታል ቅጂ ይህን ርቀት ያጠባል።

በ1980ዎቹ የቪዲዮ ካሴት እየተስፋፋ ሲመጣ ፊልም ከቤት ወጣ። የቪዲዮ ካሴት ግን ማግኔታዊ ስለሆነ በሌላ መንገድ፣ በሚሠራ ማጫወቻ አማካይነት ይገለበጣል።

በፊልም ላይ የሚደርስ ጉዳት

የቤት ፊልሞች የተሠሩት እንደ ቀድሞው የሲኒማ ፊልም በቀላሉ ከሚቀጣጠለው ናይትሬት ሳይሆን በአብዛኛው ከአሴቴት ነው። አሴቴት በሙቀትና በእርጥበት ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ቆርቆሮው ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ የሚሸተው ለዚህ ነው። አሲዱ ራሱ መፍረሱን ያፋጥናል፤ ፊልሙ ያጥራል፣ ይጣመማል፣ ይደርቃል። ሂደቱ ከተጀመረ ወደኋላ አይመለስም፤ ቅዝቃዜ ግን ያዘገየዋል። የሚሸተው ጥቅል ከጤነኞቹ ተለይቶ መቀመጥና ቀድሞ መቀረጽ አለበት።

የሆሳዕና ደጋማ አየር ከቆላው ይልቅ ለፊልም ይስማማል፤ የክረምቱ እርጥበት ግን ምስሉን የያዘው ጄላቲን ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥም ቀን እየጋለ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ለማስቀመጫ አይመረጥም።

አሠራር

መጀመሪያ ፊልሙ በእጅ እየተጠቀለለ ይመረመራል። የተቀደዱ ቀዳዳዎችና የላሉ መገጣጠሚያዎች ይጠገናሉ፤ አቧራው ብናኝ በማይለቅ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ውኃ ጄላቲኑን ስለሚያሳብጥ አይነካም። ያጠረን ፊልም በአሮጌ ፕሮጀክተር ለማየት መሞከር አደገኛ ነው፤ የማሽኑ ጥርስ ቀዳዳዎቹን ይቀዳል፣ ፊልሙ ከቆመም መብራቱ ያቃጥለዋል።

ለመቅረጽ ሦስት መንገዶች አሉ። ቀላሉ በግድግዳ ላይ እያሳዩ በካሜራ ወይም በስልክ ማንሳት ነው፤ ምስሉ ይርገበገባል፣ መሐሉ ይበራል፣ ጠርዙ ይጨልማል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ምስል ለየብቻ የሚያነሳ የቤት ስካነር ነው። ሦስተኛው ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ጥርስ የሌለው ስካነር ሲሆን ያጠረና የተጎዳ ፊልምን ሳይጎትት ያሳልፋል።

ፍጥነቱን ማስተካከል የግድ ነው። በሴኮንድ 16 ምስል የተነሳ ፊልም በ25 ቢታይ ለቀስተኛው ይሮጣል፣ ጨፋሪው ይንዘፈዘፋል፤ ይህ የቴክኒክ ስህተት ብቻ ሳይሆን የታዩትን ሰዎች ክብር ይነካል።

ፋይልና ማስቀመጫ

ሁለት ዓይነት ፋይል ይዘጋጃል። ዋናው ሳይጨመቅ ወይም ምንም መረጃ ሳይጠፋበት ተጨምቆ ይቀመጣል። በ2ኬ ጥራት፣ ሳይጨመቅ፣ አንድ የሱፐር 8 ጥቅል 46 ጊጋባይት ገደማ ሊይዝ ይችላል። ለማየትና በቴሌግራም ለመላላክ የሚሆነው ኤምፒ4 ቅጂ 250 ሜጋባይት ያህል ይበቃዋል። የተለመደው ምክር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱን በሌላ ከተማ ማኖር ነው። ዋናው ፊልም ከተቀረጸ በኋላም አይጣልም፤ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ እንደገና ሊቀረጽ ይችላል፤ ሃርድ ዲስክም ይበላሻል።

ስምና ቦታ መመዝገብ

አብዛኛው የቤት ፊልም ድምፅ የለውም። ስለዚህ ምስሉ የሚናገረው የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ነው። የኮዳክ ፊልሞች ጠርዝ ላይ ያሉት የክብ፣ የአራት ማዕዘንና የሦስት ማዕዘን ምልክቶች ፊልሙ የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ፤ ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ይደጋገሙ ስለነበር ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። የሣር ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመኪና ዓይነት፣ አልባሳት ዘመኑን ለማጥበብ ይረዳሉ።

የቀረው የሽማግሌዎችና የእናቶች ዕውቀት ነው። በዓሉ የሀዲያ ያሆዴ ይሁን የከምባታ መሳላ፣ እንሰት የሚፋቅበት ጓሮ የማን እንደነበር፣ ቆሞ የሚታየው ሰው የማን አባት እንደሆነ መለየት የሚችሉት እነሱ ናቸው። ፊልሙን እያሳዩ የሚሉትን በሀዲይሳ፣ በከምባትሳ ወይም በአማርኛ መቅዳትና ከፋይሉ ጋር ማስቀመጥ የሥራው አካል ነው። ፊልሙ ጥቂት ዓመታት ሊታገሥ ይችላል፤ የሚያውቀው ሰው ግን ላይቆይ ይችላል።

መብት

የፊልም ጥቅል በእጅ መኖሩ ብቻውን የቅጂ መብት ባለቤት አያደርግም። በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በሕዝብ ፊት ከማሳየት ወይም በኢንተርኔት ከመልቀቅ በፊት ካነሳው ሰው ወራሾች ፈቃድ መጠየቅ፣ የለቅሶና የሕመም ምስሎችንም በተመለከተ የታዩትን ሰዎች ቤተሰቦች ማማከር ይገባል።