የመኪና ራዲዮ ታሪክና ዝምታውን የመመርመር ጥበብ

ከሰው እጅ ሥራዎች መካከል እንደ መኪና ራዲዮ ጠላቱን ከልደቱ ጀምሮ በአንድ ማደሪያ ይዞ የኖረ መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ኃይሉን ከሚቀበልበት ከዚያው ሞተር ዘንድ ሁከትንም ይቀበላልና፣ የመንገዱ ንውጽውጽታ፣ የክረምቱ ርጥበትና የበጋው አቧራም ያለ ዕረፍት ይፈታተኑታልና። ስለዚህ የዚህን መሣሪያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የድምፁን ታሪክ ብቻ ተርኮ ሊያበቃ አይገባውም፤ ዝምታውም የራሱ ታሪክ አለው። በየዘመኑ የመጣው አዲስ አሠራር የየራሱን ዓይነት ዝምታ ወልዷል፤ ዝምታውም በተራው ምክንያቱን በትዕግሥት የሚመረምር ባለሙያ አስነሥቷል። ይህንን የትውልድ ሐረግ ከሥሩ ጀምሮ መከተል ለታሪክ ወዳድ ብቻ ሳይሆን ዛሬ ዝም ካለ ራዲዮ ፊት ለተቀመጠ ሰውም የሚጠቅም ስለሆነ፣ ነገሩን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1920ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አንዳንድ ሰዎች የቤት ራዲዮን ከነባትሪዎቹ በመኪና ላይ መጫን ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ሥራው ውድና አድካሚ ስለ ነበር የጥቂት ባለጸጎች መዝናኛ ሆኖ ቆየ። ይህንን ወደ ሕዝብ ካወረዱት ሰዎች ቀዳሚው ፖል ጋልቪን የተባለ የሺካጎ ነጋዴ ነው። ጋልቪን ከወንድሙ ከጆሴፍ ጋር በ1928 ያቋቋመው ድርጅት በመጀመሪያ የሚያመርተው የባትሪ ራዲዮ በቤት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ የሚያደርግ መሣሪያ ነበረ፤ የዚህ ዕቃ ገበያ እየቀዘቀዘ በሄደ ጊዜ ግን ዊልያም ሊርና ኤልመር ዌቨሪንግ ከተባሉ መሐንዲሶች ጋር ተባብሮ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ራዲዮ አዘጋጀ። በ1930 የራዲዮ አምራቾች በአትላንቲክ ሲቲ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ፣ ጋልቪን በአዳራሹ ውስጥ ዕቃውን የሚያሳይበት ስፍራ ስላልነበረው፣ መኪናውን በደጅ አቁሞ ራዲዮውን ከፍ አድርጎ በመክፈት አላፊ አግዳሚውን ያሰማ ነበር። ለራዲዮው የሰጠው ሞቶሮላ የሚል ስም በ1947 የድርጅቱ ራሱ መጠሪያ ሆነ።

የእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ፈተና ዝምታ ሳይሆን ሁከት ነበረ። በካንዴላ ላይ የሚዘለው ብልጭታ በራሱ የራዲዮ ሞገድ የሚያሠራጭ ስለሆነ፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ከሩቅ ጣቢያ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ይውጠው ነበር። መድኃኒቱም በካንዴላዎቹ መሥመር ላይ ሬዚስተር ማግባት፣ በዲናሞው ላይ ኮንደንሰር ማሰር፣ ራዲዮውንም በብረት ሣጥን መክደን ሆነ። እንግዲህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት የተገኘው ከዚህ ነው፤ ይኸውም የራዲዮው ደዌ ብዙ ጊዜ ከራዲዮው ውጭ መሆኑ ነው።

በአውሮፓም በዚያው ዘመን፣ በ1932፣ ብላውፑንክት የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ አ.ኤስ. 5 የተባለውን የመኪና ራዲዮ አወጣ። ክብደቱ ወደ 15 ኪሎ፣ ይዘቱም ወደ 10 ሊትር ስለ ነበር ከሾፌሩ ፊት የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ ሣጥኑ ራቅ ብሎ ተሰውሮ መቈጣጠሪያው ብቻ በመሪው ዘንግ ላይ ታሰረ። ዋጋው 465 ራይሽስማርክ ነበረ። ይህ ፋብሪካ በ1920ዎቹ በበርሊን ሥራውን ሲጀምር የጆሮ ማዳመጫ ይሠራ ነበርና፣ እያንዳንዱን ማዳመጫ መርምሮ ደኅና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የሰማያዊ ነጥብ ማኅተም ያደርግበት ነበር፤ ገዢዎች ዕቃውን በዚያ ነጥብ እየጠሩ ስለ ጠየቁ ነጥቡ በመጨረሻ የፋብሪካው ስም ሆነ። ምርመራ የስምና የክብር መሠረት የሆነበት ይህ ምሳሌ ለሙያው ሁሉ የሚበቃ ትምህርት ነው።

በዚያን ዘመን የብዙው መኪና ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ የራዲዮው የመስታወት ቫልቮች ግን ወደ 200 ቮልትና ከዚያም በላይ ይሹ ነበር። የባትሪው ጅረት ቀጥተኛ ስለሆነና በትራንስፎርመር ሊበዛ ስለማይችል፣ ቫይብሬተር በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ያለች ቀጭን የብረት ምላስ በየሰከንዱ ከመቶ ጊዜ በላይ እየተርገበገበች ትቈራርጠው ነበር፤ የተቈራረጠውም ጅረት በትራንስፎርመር ከፍ ካለ በኋላ እንደገና ይቃና ነበር። ይህች ምላስ ስትሠራ የምታሰማው እምምታ ለመርማሪው ታማኝ ምስክር ነበረ። እምምታው ከተሰማና ድምፅ ከሌለ ኃይሉ ደርሷልና ጥፋቱ ከቫልቮቹ ወይም ከስፒከሩ ወገን ይፈለጋል፤ እምምታው ራሱ ከጠፋ ግን ፊውዙ ተቃጥሏል ወይም የምላሷ መነካኪያዎች ተጣብቀዋል ማለት ነው። ቫልቮቹም እስኪሞቁ ድረስ ጥቂት መታገሥ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የመጀመሪያውን ዝምታ ከበሽታ መለየት የጀማሪው የመጀመሪያ ፈተና ነበረ።

በ1947 ባርዲን፣ ብራቴይንና ሾክሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ትራንዚስተርን ባስገኙ ጊዜ የዚህ ሁሉ ፍጻሜ ቀረበ። የመኪና አምራቹ ክራይስለርና የራዲዮ አምራቹ ፊልኮ በ1955 ሁለንተናው በትራንዚስተር የሚሠራውን የመኪና ራዲዮ አስታወቁ፤ ለ1956 መኪናዎችም በ150 ዶላር ተጨማሪ ዋጋ ቀረበ። ትራንዚስተሩ በመኪናው ባትሪ ብቻ ስለሚሠራ ቫይብሬተሩ ተሻረ፤ ራዲዮውም ሳይሞቅ ወዲያው ይናገር ጀመር። ነገር ግን ከበረከቱ ጋር አዲስ ጥንቃቄ መጣ። በአንዳንዶቹ ራዲዮዎች ስፒከሩ ሳይታሰር መክፈት የመጨረሻውን ትራንዚስተር ያጠፋ ነበር፤ ደግሞም በርከት ያሉ የእንግሊዝ መኪናዎች የባትሪውን ፖዘቲቭ፣ ሌሎች ግን ኔጌቲቩን ከመኪናው አካል ጋር በማሰር ማሳ ያደርጉ ስለ ነበር፣ ይህንን ሳይለይ ያሰረ ሰው ራዲዮውን በአንድ ቅጽበት ለዘለዓለም ዝም ያሰኘው ነበር።

የፊሊፕስ ድርጅት በ1963 ካሴትን፣ በ1968 ደግሞ ራዲዮና ካሴት ማጫወቻ የተዋሐዱበትን የመኪና መሣሪያ ካወጣ በኋላ ሾፌሩ የጣቢያ ምርኮኛ መሆኑ ቀረ። በአገራችንም ቴፑ በታክሲውና ክፍለ ሀገር በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ የመንገድ ጓደኛ ሆኖ ብዙ ዘመን አገለገለ። ክሩ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ስፋቱ፣ በየሰከንዱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ድምፁን በሚያነብበው ክፍል፣ ማለት በሄዱ ላይ፣ እያለፈ የሚናገር ስለሆነ፣ የመንገድ አቧራና ከክሩ የሚራገፈው ቡናማ ዱቄት በሄዱ ላይ ሲጋገር ካሴቱ እየዞረ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ኋላም ይጠፋል። በአልኮል የተነከረ ጥጥ ብቻ ያድነው የነበረውን ቴፕ ሞተ ብለው ስንቶች ጣሉት!

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዝምታ ከሁሉ ይልቅ ብዙዎችን ያሳተ ነው። በጥንቱ ራዲዮ ከስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከመኪናው አካል ጋር፣ ማለት ከማሳ ጋር፣ ሊታሰር ይችል ነበር። በኋላ ግን ከ12 ቮልት ባትሪ የበለጠ ኃይል ለማግኘት ሁለት ማጉያዎች አንዱን ስፒከር ከሁለቱ ጫፍ በተቃራኒ እንዲነዱት ተደረገ፤ በዚህም ኃይሉ በስሌት እስከ አራት እጥፍ ያድጋል። በዚህ አሠራር ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ከባትሪው ቮልቴጅ ግማሽ ያህሉን፣ ወደ 6 ቮልት፣ ይሸከማሉና አንዳቸውም አካሉን ሊነኩ አይገባም። አዲሱን መሣሪያ በአሮጌው መኪና ሽቦ ላይ ያሰረ ሰው፣ ወይም በበሩ ማጠፊያ ዘንድ ሽቦው ተልጦ ብረት የነካበት ሰው፣ መብራቱ በርቶ፣ ቁልፎቹም እየታዘዙ ምንም ድምፅ አያገኝም፤ ማጉያው ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ዘግቷልና።

ራዲዮውን ከሌባ ለመከላከል የተፈለሰፈው የምሥጢር ቁጥርም ባትሪው በተፈታ ቁጥር ባለቤቱን ራሱን እንደ ባዕድ የሚጠይቅ ዘበኛ ሆነ። ከ2001 ወዲህ ደግሞ፣ ቢ.ኤም.ደብልዩ በ7 ሲሪስ መኪናው እንደጀመረው፣ ድምፁ በብርሃን አማካይነት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በቀለበት ሲዞር፣ የአንዱ መሰበር የሁሉ ዝምታ ሆነ።

ይህ ሁሉ ታሪክ አንድ ሥርዓት ያስተምረናል፤ እርሱም ድምፅ የሚሄድበትን መንገድ ከምንጩ እስከ አፉ ድረስ ሳይዘሉ መከተል ነው። አስቀድሞ ድምፁ መቀነሱን ወይም ወደ አንድ ወገን ብቻ መዞሩን ማየት ይገባል። ቀጥሎ ፊውዙን፣ ዘወትር ኃይል የሚሰጠውን ሽቦ፣ በመኪናው ቁልፍ የሚከፈተውን ሽቦና ማሳውን በቴስተር መለካት ያስፈልጋል። ራዲዮው ዝም ብሎ ካሴቱ ወይም ሲዲው የሚናገር ከሆነ ማጉያውና ስፒከሩ ንጹሐን ናቸው፤ ሁሉም ዝም ካሉ ግን ስፒከሩን ፈትቶ በ1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት መንካት ነው፤ ጠቅ ካለ ሕያው ነው። በቴስተርም የተለመደው ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ4 ኦም ጥቂት ዝቅ ብሎ ይለካል። በኋለኛው አሠራር ከመሣሪያው የተፈቱት የስፒከር ሽቦዎች ከመኪናው አካል ጋር ምንም ግንኙነት ሊያሳዩ አይገባም። የተለየ ማጉያ ያለው መኪና ቢሆን፣ ራዲዮው ሲከፈት ማጉያውን የምትቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ 12 ቮልት ማድረሷ ይመረመራል።

በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት የሚለዋውጥ ሐኪም በሽተኛውንም ገንዘቡንም ይጎዳል፤ መሣሪያውን ሳይመረምር ለውጡት የሚል ባለሙያም እንዲሁ ነው። የምርመራ ሥርዓት ከዕቃው ዋጋ በላይ የከበረ ሀብት ስለሆነ፣ በየጋራዡ ሙያውን የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ በፊት የነበሩት ያገኙትን ጠይቃችሁ ተማሩ፤ እናንተም ያገኛችሁትን ምክንያት ከነመፍትሔው በመዝገብ ጽፋችሁ ለሚከተላችሁ አውርሱ።