ሁለቱ እኅቶች (የቴዎዶር ሻሴሪዮ ሥዕል)

«ሁለቱ እኅቶች» ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቴዎዶር ሻሴሪዮ እ.ኤ.አ. በ1843 በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የሣለው የቁም ሥዕል ነው። ቁመቱ 180፣ ወርዱ 135 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም ይገኛል። በሥዕሉ ላይ የሚታዩት የሠዓሊው እኅቶች አዴልና አሊን ናቸው።

ሠዓሊው

ሻሴሪዮ እ.ኤ.አ. በ1819 በዛሬዋ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በሳማና አካባቢ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ገና በልጅነቱም የታዋቂው ሠዓሊ የአንግር ደቀ መዝሙር ሆነ። በ1856 አረፈ።

ይዘትና አሣሣል

እኅትማማቾቹ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው፣ አንድ ዓይነት ቀይ የካሽሚር ሻል ደርበው፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አቅንተው ስለሚታዩ ብዙዎች መንታ ይመስሏቸዋል፤ ነገር ግን አዴል በ1810፣ አሊን በ1822 የተወለዱ በመሆናቸው በመካከላቸው የ12 ዓመት ልዩነት አለ። ሠዓሊው ልብሱንና የፀጉሩን አያያዝ ሆን ብሎ ያመሳሰለው ተመልካቹ ልዩነታቸውን በፊታቸው ላይ ብቻ እንዲፈልግ ሳይሆን አይቀርም።

የሻሉ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ካሽሚር በሂማላያ አካባቢ ከሚረቡ ፍየሎች የውስጥ ለስላሳ ጠጉር የሚሠራ ውድ ጨርቅ ሲሆን፣ በፈረንሳይ ፋሽን የሆነው ከናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ (1798–1801) በኋላ ነው፤ ፍላጎቱ ሲበረታም የፓሪስ፣ የሊዮንና የኒም ሸማኔዎች አስመስለው ይሠሩት ጀመር። ሻሉ እንግዲህ የዘመኑን የከተሜ ወይዛዝርት አለባበስ ያሳያል፤ በሥዕሉ ውስጥ ግን ከዚህ የበለጠ ሥራ አለው። ሁለቱ ቀይ ሻሎች ጎን ለጎን ሲወርዱ አንድ ትልቅ የቀለም ስፍራ ስለሚፈጥሩ፣ ሁለቱ አካላት ከአንገት በታች እንደ አንድ ይታያሉ።

የአሣሣል ዘይቤው ምደባ

ሥዕሉ ለየትኛው የአሣሣል ስልት እንደሚመደብ አከራካሪ ነው። ጠርቶ የወጣው የመስመር አጣጣል ንድፍን ከቀለም የሚያስቀድመውን የአንግርን ትምህርት ያስታውሳል፤ የቀለሙ ሙቀትና የፊቶቹ ትካዜ ግን ስሜትን ወደሚያጎላው ወደ ሮማንቲሲዝም፣ በተለይም ወደ ሮማንቲኩ ሠዓሊ ደላክሯ ያዘነብላል። ሻሴሪዮ በ1840 ሮም ሳለ ከመምህሩ ጋር በአስተሳሰብ መለያየቱ ይታወቃል፤ ሆኖም ይህ ሥዕል ከሦስት ዓመት በኋላ የተሣለ ሆኖ የመምህሩን እጅ አለመርሳቱ፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ፍጹም እንዳልነበረ ያመለክታል።

ለሕዝብ መታየቱ

ሥዕሉ በ1843 ሳሎን በሚባለው ይፋዊ የፓሪስ የሥዕል ትርዒት ቀርቦ የተቺዎችን አስተያየት ከፋፍሏል። ሉቭር የገባው በ1918 ነው።